ኳሱን የሚያጣምመው ማን ነው?

(ከ12ኛ ክፍል ተማሪ)

በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ ስለ ኳስ ሲጻፍ ሁልጊዜ የሚጻፈው ስለ እግር ኳስ ነው። እኔ ግን ዘንድሮ ከዶሮ ዕንቁላል ስለማይበልጥ አንድ ትንሽ ነጭ ኳስ ለመጻፍ ተነሥቻለሁ። ጨዋታው ጎልፍ ይባላል። አንባቢ ሆይ፣ «ይህ የባለጸጎች ጨዋታ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ብለህ ገጹን እንዳትገለብጥ እለምንሃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ። አሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፤ ጎልፍ የሚጫወት ሰው ኳሱ ሲጣመምበት ብዙ ጊዜ ጥፋቱን የሚፈልገው ጥፋቱ በሌለበት ስፍራ ነው። ይህንንም የሚያደርገው ሰነፍ ስለ ሆነ ሳይሆን የተሳሳተ ትምህርት በታላቅ ትጋት ስለ ተማረ ነው። ከስንፍና ይልቅ የተሳሳተ ትጋት ሰውን እንደሚጎዳ በራሴ ላይ አይቻለሁ።

በከተማችን ዳር ባለ አንድ የጎልፍ ሜዳ፣ ቅዳሜና እሑድ የተጫዋቾችን ዱላ እየተሸከምሁ የደብተርና የመጓጓዣ ገንዘቤን ማግኘት ከጀመርሁ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ካዲ ይባላል። የካዲ ሥራ መሸከም ብቻ አይደለም፤ ኳሱ የወደቀበትን ያያል፣ ርቀቱን ይገምታል፣ የዱላውን ብረት ይወለውላል፣ ሲጠየቅም ምክር ይሰጣል። ሳይጠየቅ የሚመክር ካዲ ግን እንጀራውን ያጣል። ተጫዋቾች ሳይመጡ በማለዳ፣ ሜዳው ባዶ ሲሆን፣ እኛም በተጣሉ አሮጌ ዱላዎች እንለማመዳለን። እኔም ጨዋታውን የተማርሁት እንደዚሁ ነው።

በዚያ ሜዳ ላይ ለእኛ ለልጆቹ አባትም አስተማሪም የሆኑ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሁላችንም «ጋሼ» እያልን እንጠራቸዋለን። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሜዳው ኖረዋል። የዱላ አያያዝንና አቋቋምን፣ ከዚያም ሁሉ በላይ ትሕትናን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ስለ ቀጥተኛ ምት የነበራቸው ትምህርት በሁለት ቃል የሚያልቅ ነበር፤ «ኳስ የሚነሣው ዱላው በሄደበት ነው፤ የሚያርፈው ደግሞ የዱላው ፊት ባየበት ነው» ይሉን ነበር። ይህ አባባል የእርሳቸው ፈጠራ አልነበረም። በእንግሊዝና በአሜሪካ አገርም ብዙ የታወቁ አስተማሪዎች ለረጅም ዘመን ሲያስተምሩት የኖሩ ሕግ ነው። እኔም እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤው ነበር።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ሁለቱን ነገሮች ላስረዳ። የዱላው መንገድ ማለት የዱላው ራስ ኳሱን በሚነካበት ቅጽበት የሚጓዝበት አቅጣጫ ነው። ይኸውም በቀጥታ ወደ ዒላማው፣ ወይም ከውጪ ወደ ሰውነት፣ ወይም ከሰውነት ወደ ውጪ ሊሆን ይችላል። የዱላው ፊት ማለት ደግሞ ኳሱን የሚመታው ጠፍጣፋ ብረት በዚያው ቅጽበት የሚያይበት አቅጣጫ ነው። አንድ ሰው ወደ ሰሜን እየሄደ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ሊያዞር እንደሚችል ሁሉ፣ ዱላውም ወደ አንድ በኩል እየሄደ ወደ ሌላ በኩል ሊያይ ይችላል። የጽሑፌ ነገር ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። የምናገረው በቀኝ እጁ ስለሚመታ ሰው ስለ ሆነ፣ ግራኝ የሆነ አንባቢ ቀኙን በግራ እየለወጠ ያንብብልኝ።

እንግዲህ ወደ ታሪኬ ልመለስ። ባለፈው ዓመት በካዲዎች መካከል ውድድር ተደርጎ ነበር። ለአሸናፊው የሚሰጠው ገንዘብ ለእኔ የአንድ መንፈቅ ዓመት ወጪ የሚሸፍን ስለ ነበረ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስደኝ አደርሁ። እስከ መጨረሻው ጉድጓድ ድረስ ከሁለት ልጆች ጋር እኩል ነበርሁ። ዳሩ ግን ያን ቀን ኳሴ ሁሉ አንድ ዓይነት ሕመም ነበረበት፤ ወደ ባንዲራው ቀጥ ብሎ ይነሣና ከመንገድ በኋላ ወደ ቀኝ ይታጠፍ ነበር። በጎልፍ ቋንቋ ይህ ስላይስ ይባላል። እኔም የተማርሁትን ሕግ አሰብሁ። «ኳሱ ወደ ባንዲራው ከተነሣ መንገዴ ትክክል ነው፤ ወደ ቀኝ ከታጠፈ ግን የዱላዬ ፊት ወደ ቀኝ አይቷል ማለት ነው» አልሁ። ስለዚህ መንገዴን ሳልነካ የዱላውን ፊት ወደ ግራ ዘጋሁትና በሙሉ ኀይሌ መታሁ። ኳሱም አልታጠፈም። ነገር ግን ከመነሻው ጀምሮ ወደ ግራ ሄዶ ከሜዳው ውጪ ካለው ገደል ገባ። ውድድሩም በዚያ አለቀ።

ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ልብህ ስለ ፈራ ነው» አሉኝ። እኔም አመንኋቸው። ብዙ ሳምንት ሙሉ ፈሪ ነኝ እያልሁ ኖርሁ። አንድ ሰው በዱላው ላይ ያለውን ጥፋት በባሕርዩ ላይ እንዳለ አድርጎ ሲያምን ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ሁለተኛው ነገር የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። በልምምድ ጊዜ ኳሴና ባንዲራው መካከል፣ ከእኔ 20 ሜትር ያህል ርቆ፣ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ቆሞ ነበር። ጋሼም ኳሱን በዛፉ ግራ አውጥቼ ወደ ቀኝ እንዳጥፈው አዘዙኝ። «ፊቱን ወደ ባንዲራው አድርግ፤ ምትህን ግን ከዛፉ በስተ ግራ ላክ» አሉኝ። እንደ ታዘዝሁት አደረግሁ። ኳሱ ከዛፉ ግንድ ጋር ተላተመ። ሁለተኛም መታሁ፤ ከግንዱ ጋር ተላተመ። ሦስተኛው ቅርንጫፍ መትቶ ወደቀ። ጋሼ «መንገድህን አላስተካከልህም» አሉኝ። በዚያ ጊዜ ግን ከዱላዬ በታች የተላጠውን ሣር አየሁ። የተላጠው ሣር አቅጣጫ ከዛፉ በጣም ርቆ ወደ ግራ ያመለክት ነበር። ዱላዬ እንደ ታዘዘው ሄዷል፤ ያልታዘዘው ኳሱ ነው። እንግዲህ ወይ ሣሩ ይዋሻል፣ ወይ ሕጉ ስሕተት ነው ማለት ነው። ሣር ደግሞ ሲዋሽ አላየሁም።

በዚያ ሳምንት የፊዚክስ ደብተሬን ይዤ ነገሩን በአሐዝ አሰላሁት። ዱላዬ ከባንዲራው 10 ዲግሪ ወደ ግራ ሄዶ ነበር እንበል። አሮጌው ሕግ እውነት ቢሆን ኖሮ ኳሱ 20 ሜትር ሲደርስ ከዛፉ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ማለፍ ነበረበት። ኳሱ የሚነሣው ግን ፊቱ ባየበት አቅጣጫ ከሆነና ከመንገዱ ጥቂት ብቻ የሚወስድ ከሆነ፣ ሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ወደ ግራ ሄዶ ከዛፉ መካከል አንድ ሜትር እንኳ ሳይርቅ ይደርሳል፤ ከግንድና ከቅርንጫፍ ጋርም ይጋጫል። በእኔ ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ መጻሕፍትና ጽሑፎች ፈለግሁ። ያገኘሁትም ነገር አስገረመኝ፤ ነገሩ አዲስ አልነበረም። ኒውተን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1672 ዓ.ም. ስለ ብርሃን በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ፣ በተዘበራረቀ የቴኒስ መምቻ የተመታ ኳስ እየታጠፈ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ማየቱንና ይህም ከኳሱ መሽከርከር የመጣ መሆኑን ጠቅሷል። በ1890ዎቹ ዓመታት ፒተር ጋትሪ ቴት የተባለው የኤዲንበርግ የፊዚክስ ሊቅ የጎልፍ ኳስ መሽከርከር በበረራው ላይ ምን እንደሚያደርግ በብርቱ መርምሯል። ልጁ ፍሬዲ ቴት በ1896 እና በ1898 ዓ.ም. የብሪታንያን የአማተሮች ሻምፒዮና ያሸነፈ ተጫዋች ስለ ነበረ፣ በዚያ ቤት ሳይንስና ጨዋታ በአንድ ማዕድ ይቀርቡ ነበር ለማለት ይቻላል። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ አላስታር ኮክራንና ጆን ስቶብስ የጎልፍን ምት በሳይንስ መንገድ ያስመረመረ አንድ የእንግሊዝ ማኅበር የደረሰበትን በመጽሐፍ አሳተሙ። በመጨረሻም በ2003 ዓ.ም. በዴንማርክ አገር የተቋቋመው ትራክማን የተባለው ኩባንያና መሰሎቹ ኳሱንና ዱላውን በራዳር መከታተል ሲጀምሩ ክርክሩ ተዘጋ። በራዳሩ ልኬት መሠረት የኳሱ መነሻ አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወሰነው በዱላው ፊት ነው፤ ከአራት እጅ ሦስት እጁ ወይም ከዚያ የሚበልጠው የፊቱ ድርሻ ሲሆን፣ የቀረው ጥቂቱ የመንገዱ ነው። ድራይቨር በሚባለው ረጅም ዱላ ሲሆን የፊቱ ድርሻ ይብሳል።

ምክንያቱም ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም። ብረቱና ኳሱ ተነካክተው የሚቆዩት የአንድ ሰኮንድ ሁለት ሺኛ ለሚያህል ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ እጅግ አጭር ጊዜ ኳሱን የሚገፋው ዋናው ኀይል ከብረቱ ፊት ቀጥ ብሎ የሚወጣው ነው። የመንገዱ ኀይል የሚደርሰው በሰበቃ በኩል ስለ ሆነ ድርሻው ያነሰ ነው። ሰበቃው ግን ሌላ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ኳሱን ያሽከረክረዋል። የዱላው ፊት ወደ ላይ ያዘነበለ ስለ ሆነ ኳሱ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይሽከረከራል፤ በአየር ላይም የሚያቆየው ይህ ነው። ፊቱና መንገዱ ካልተስማሙ ግን ኳሱ የሚሽከረከርበት ዘንግ ወደ አንድ ጐን ይጋደላል። አውሮፕላን ክንፉን ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ወደ ቀኝ እንደሚዞር፣ ዘንጉ ወደ ቀኝ የተጋደለ ኳስም ወደ ቀኝ ይታጠፋል።

ስለዚህ ትክክለኛው ሕግ ከአሮጌው በጣም የተለየ ነው። ኳሱ የሚነሣው ከፊቱ አቅጣጫ ብዙ ሳይርቅ ነው፤ የሚታጠፈው ደግሞ ከመንገዱ እየሸሸ ነው። ፊቱ ከመንገዱ ወደ ቀኝ ካየ ኳሱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ወደ ግራ ካየ ወደ ግራ ይታጠፋል። ፊቱና መንገዱ ተስማምተው ሁለቱም ወደ ባንዲራው ካመለከቱ፣ ኳሱም በብረቱ መካከል ከተመታ፣ ኳሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፊቱና መንገዱ ተስማምተው ሁለቱም ወደ ግራ ካመለከቱ ደግሞ ኳሱ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ወደ ግራ ይሄዳል። አንባቢ ሆይ፣ በውድድሩ ቀን የገጠመኝን ገደል አሁን ተረዳኸው? የዚያን ቀን ፊቴ ደኅና ነበረ፤ ወደ ባንዲራው ያይ ነበርና ኳሱ ወደ ባንዲራው ተነሣ። የታመመው መንገዴ ነበረ፤ ከውጪ ወደ ውስጥ፣ ወደ ግራ እየቈረጥሁ እመታ ነበር። እኔ ግን ጤነኛውን አክሜ በሽተኛውን ተውሁት። ፊቱን ወደ ግራ በዘጋሁት ጊዜ ከታመመው መንገድ ጋር ተስማማ፤ ሁለቱም ተስማምተው ገደል ሰደዱኝ። አምስት ዲግሪ ብቻ የሳተ ምት በ150 ሜትር ላይ 13 ሜትር ያህል ያሳስታል። ለመሳሳት ብዙ አያስፈልግም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «ሕጉ ስሕተት ከሆነ እነዚያ ታላላቅ ተጫዋቾች እንዴት አሸነፉ?» ሊለኝ ይችላል። ይህ ብርቱ ጥያቄ ነው። መልሴም ይህ ነው፤ የታላቁ ተጫዋች እጅ ከአፉ ይልቅ ያውቃል። በቀን ብዙ መቶ ኳስ የሚመታ ሰው፣ ኳሱ ራሱ እየገሠጸ ያስተምረዋል፤ ሲያስረዳ ግን ከሌላ ሰው የሰማውን ይደግማል። ለምሳሌ የአሜሪካዊውን የቤን ሆገንን ታሪክ እንመልከት። ሆገን በልጅነቱ በቴክሳስ እንደ እኔ ካዲ ነበረ። ኳሱ አጥብቆ ወደ ግራ እየታጠፈበት ለብዙ ዓመታት ተሠቃይቷል። በኋላ የግራ እጁን አያያዝ ወደ ግራ መለስ በማድረግ የዱላው ፊት ቶሎ እንዳይዘጋ አደረገ። በ1953 ዓ.ም. ከዓለም ታላላቅ ውድድሮች ሦስቱን በአንድ ዓመት አሸነፈ። እንግዲህ ሆገን የፈወሰው በመጀመሪያ ምኑን ነው? ፊቱን ነው። እርሱ የሠራው ሥራ ብዙዎች ካስተማሩት ቃል ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነበር።

በእኔ አስተያየት ቀጥ ያለ ምት ለመምታት የሚፈልግ ሰው የሚከተለውን ተራ መጠበቅ ይገባዋል።

አንደኛ፣ ኳሱ በብረቱ ላይ የት እንደ ተመታ ይመርምር። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከክፍላችን የምትቀር አንዲት ቁራጭ ጠመኔ ትበቃለች። ኳሱን በጠመኔ ቀብቶ ቢመታው በብረቱ ላይ ነጭ ምልክት ይቀራል። ምልክቱ ከመካከል ከራቀ፣ ስለ ፊትና ስለ መንገድ ለመናገር ጊዜው ገና ነው። በተለይ በድራይቨር ሲሆን፣ ከብረቱ ጫፍ በኩል የተመታ ኳስ ወደ ግራ፣ ከእጀታው በኩል የተመታ ደግሞ ወደ ቀኝ የመታጠፍ ጠባይ አለው። ብዙ ሰው እጁን የሚወቅሰው ጥፋቱ የመነካካቱ ሆኖ ሳለ ነው።

ሁለተኛ፣ ኳሱ ወዴት እንደ ተነሣ ይመልከት። ከኳሱ ሦስት ሜትር ያህል ፊት ለፊት፣ በዒላማው መሥመር ላይ፣ አንድ ቀጭን እንጨት ይትከል። ኳሱ ከእንጨቱ በስተ ግራ ካለፈ ፊቱ ወደ ግራ አይቷል፤ በስተ ቀኝ ካለፈ ወደ ቀኝ አይቷል። ፊቱን ለማስተካከል በመጀመሪያ የሚታየው የእጅ አያያዝ ነው። እጆች በዱላው ላይ ወደ ቀኝ በዞሩ መጠን ፊቱ የመዘጋት ጠባይ ይኖረዋል፤ ወደ ግራ በዞሩ መጠን ፊቱ ይከፈታል። ኳሱ ከእንጨቱ በላይ ወይም በጣም አጠገቡ ማለፍ እስኪጀምር ድረስ ሌላውን ነገር ሁሉ መተው ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ኳሱ ወዴት እንደ ታጠፈ ይመልከት። ፊቱ ከተስተካከለ በኋላ ኳሱ አሁንም ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ከሆነ መንገዱ ወደ ግራ ሄዷል፤ ወደ ግራ የሚታጠፍ ከሆነ መንገዱ ወደ ቀኝ ሄዷል። መንገድን የሚያበላሹ ነገሮች ብዙዎች ናቸው። እግሩ ወደ ባንዲራው ቆሞ ትከሻው ወደ ግራ የሚያይ ሰው አለ። የኳሱም ስፍራ ዋና ነገር ነው። ዱላው የሚዞረው በተጋደመ ክብ ላይ ስለ ሆነ፣ ወደ ታች እየወረደ ሳለ ወደ ውጪ ይሄዳል፤ የታችኛውን ነጥብ ካለፈ በኋላ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ ኳሱን ከመጠን በላይ ወደ ፊት ያስቀመጠ ሰው መንገዱ ወደ ግራ ሲመለስ ያገኘዋል፤ ከመጠን በላይ ወደ ኋላ ያስቀመጠ ደግሞ ዱላው ገና ወደ ቀኝ ሲሄድ ያገኘዋል። አንዳንድ ጊዜ መድኃኒቱ ኳሱን አንድ ስንዝር ማንቀሳቀስ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰውየው ጠቅላላ አመታቱን ለውጦ ዓመት ሙሉ ይደክማል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ያስፈልጋል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ቢሳካለትም በየትኛው እንደ ተሳካለት አያውቅም፤ ቢበላሽበትም በየትኛው እንደ ተበላሸበት አያውቅም። ይህን የኬሚስትሪ መምህራችን በየቤተ ሙከራው ይነግሩናል። እኛ ግን ከቤተ ሙከራው ስንወጣ በሩ ላይ ትተነው እንወጣለን።

አንድ ለአገራችን ተጫዋች የሚሆን ማስጠንቀቂያም ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ኳስን የሚያጥፈው አየር ስለ ሆነ፣ በሳሳ አየር ውስጥ የሚታጠፈው ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ ደጋችን ስሕተታችንን ይሸፍንልናል። እዚህ «ጥቂት ታጠፈች» የምንላት ምት ቆላ ብትወርድ ከሜዳው ትወጣለች። ስሕተት የሚሸፍን አገር ደግሞ እንደሚያቆላምጥ ዘመድ ነው፤ ይወደዳል እንጂ አያስተምርም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ ይህ የባለጸጎች ጨዋታ አይደለምን? እውነት ነው፤ ዱላው ውድ ነው፣ ሜዳውም ሰፊ መሬት ይፈልጋል። ብዙ ቤተ ሰብ መጠጊያ በሚፈልግበት ከተማ ይህን ያህል መሬት ለጥቂት ሰው መጫወቻ መሆኑን የሚጠይቅ ሰው ቢኖር አልቀየመውም፤ እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። ዳሩ ግን በዱላ ኳስ መምታት ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ገና ሲጫወቱ ቆልማማውን ዱላ ይዘው ሩሯን ይመቱ ነበር፤ ዛሬም ይመታሉ። የገጠር ልጅ ዱላው በእጁ ውስጥ ዞሮበት እንደ ሆነ፣ የቱንም ያህል ወደ ጓደኛው ቢሰነዝር ሩሯ ወደ ሌላ በኩል እንደምትሄድበት ራዳር ሳያስፈልገው ያውቃል። ከዚህም በላይ እውቀት የባለቤቱን ኪስ አይመረምርም። የፊዚክስ ሕግ በባለ ብዙ ሺህ ብር ዱላና በእኔ አሮጌ ዱላ ላይ አንድ ዓይነት ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ለእኛ ለድኾቹ ልጆች በእኩልነት የሚፈርድልን ዳኛ እርሱ ብቻ ነው ብል አላጋነንሁም።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው። ይኸውም አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ያስተማረውን ሽማግሌ «ተሳስተዋል» ሊል ይገባዋልን? ብዙ ጓደኞቼ «ዝም በል፤ ነገሩን ለራስህ ዕወቀው» ብለው መክረውኛል። እኔም ሁለት ወር ያህል ዝም ብያለሁ። ነገር ግን በዚያ ሁለት ወር ውስጥ አንድ አዲስ ትንሽ ልጅ መጣ። ኳሱ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ሲታጠፍበት ፊቱን እንዲዘጋ ተነገረው። ኳሱ ወደ ግራ ሲሄድበት ደግሞ ፈሪ ነህ ተባለ። ልጁ ዓይኑ እንባ ሲሞላ ባየሁ ጊዜ ዝምታዬ ትሕትና ሳይሆን ስንፍና መሆኑ ገባኝ።

ስለዚህ አንድ ቀን ማለዳ ለብቻቸው ባገኘኋቸው ጊዜ «ጋሼ፣ ከፈቀዱልኝ አንድ ነገር ላሳይዎ» አልኋቸው። በሰው ፊት አላደረግሁትም። እርሳቸውም «እስቲ አሳየኝ፤ ማየት ምን ይከለክላል» አሉኝ። እንጨቱን ተከልሁ። የዱላውን መንገድ የሚያሳይ ሌላ እንጨት ወደ ግራ አጋድሜ መሬት ላይ አኖርሁ። ፊቱን ወደ ባንዲራው አድርጌ በተጋደመው እንጨት መንገድ አሥር ኳስ መታሁ። በአሮጌው ሕግ ቢሆን አሥሩም ከተተከለው እንጨት በጣም ርቀው ወደ ግራ መነሣት ነበረባቸው። ስምንቱ ግን እንጨቱን ታክከው አለፉና ከዚያ ወደ ቀኝ ታጠፉ። ጋሼ ሳይናገሩ ቆዩ። ከዚያ ዱላውን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው አምስት ኳስ መቱ። ከዚያም የተላጠውን ሣር ጎንበስ ብለው አዩት።

እስከ ዛሬ ድረስ «ተሳስቼ ነበር» አላሉኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩትን በአንድ ማለዳ ጣሉ ብሎ ሰውን ማስጨነቅ ደግ አይደለም። ነገር ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ለትንሹ ልጅ እንጨት ሲተክሉለት አየሁ። «መጀመሪያ ወዴት እንደ ተነሣ እይ፤ መታጠፉን ቆይተን እናየዋለን» ሲሉት ሰማሁ። ያን ቀን የተከፈለኝ ከወትሮው ያነሰ ነበር፤ ወደ ቤቴ የሄድሁት ግን እየዘመርሁ ነው።

የመጽሔታችን አንባቢዎች ሆይ፣ ብዙዎቻችሁ ጎልፍ አትጫወቱም፤ ምናልባትም በዕድሜያችሁ አትጫወቱት ይሆናል። ሆኖም ሁላችንም የሚጣመም ኳስ አለን። በሒሳብ የወደቀ ተማሪ «ጭንቅላቴ አይቀበልም» ብሎ ራሱን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ከሁለት ዓመት በፊት ያመለጠው አንድ ምዕራፍ ሊሆን ይችላል። ጤነኛውን አክሞ በሽተኛውን የሚተው ሰው፣ በደከመ ቍጥር ይብስበታል። ስለዚህ ትጋት ብቻ አይበቃም፤ ጥፋቱ የት እንደ ሆነ ለማወቅ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። የሚነገረንንም ሕግ በአክብሮት እንቀበል፤ ከተቀበልነው በኋላ ግን እንጨት ተክለን እንፈትነው። የሚያስተምሩን ታላላቆቻችንም ልጅ ሲፈትናቸው እንደ ንቀት አይቍጠሩት፤ ትምህርታቸውን በቁም ነገር መያዙን የሚያሳይ ነውና።

እኔ በሚመጣው የካዲዎች ውድድር ላይ እንደገና እቀርባለሁ። አሸንፋለሁ ብዬ አልፎክርም። ኳሴ ቢታጠፍብኝ ግን ልቤን አልወቅስም፤ መጀመሪያ ወዴት እንደ ተነሣ አያለሁ።